ቤት አትበላም፣ ውጪ ስንወጣ ግን ያገኘችውን ሁሉ! የሦስት ዓመት ልጄን ምን ላድርጋት?

የሰሚቷ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ጨነቀኝ። ትልቋ ልጄ ባለፈው ወር ሦስት ዓመት ሞላት። ትንሹ አስር ወሩ ነው፣ እሱ የሰጡትን ይበላል። ያቃተኝ የእሷ ነገር ነው።

ጠዋት ስትነሳ ወተት በጡጦ ትጠጣለች። ጡጦ ማስተው እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ አልሆነልኝም። ለቁርስ እንቁላል ወይም ቂንጬ አቀርባለሁ፣ ሁለት ማንኪያ ቀምሳ "በቃኝ" ትላለች። አራት ሰዓት ላይ ሳይርባት አይቀርም ብዬ ብስኩት እሰጣታለሁ። ምሳ ላይ ጦርነት ነው። ካርቱን ከፍቼላት አፏን እስክትከፍት ጠብቄ አጎርሳታለሁ፣ እሷ ደግሞ ጉንጯ ውስጥ ይዛው ግማሽ ሰዓት ትቀመጣለች። ማታም እንደዚያው ነው። ጦሟን ከምታድር ብዬ ጡጦውን እሰጣታለሁ።

ውጪ ስንወጣ ሌላ ልጅ ትሆናለች። ዘመድ ቤት ከሄድን ለስላሳና ኬክ፣ መናፈሻ ከሄድን ቺፕስ፣ አይስክሬም፣ የታሸገ ጁስ። ሰው ፊት ስታለቅስ እሸነፋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ስትቀማምስ ውላ ማታ አስመለሳት።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ክብደቷም ቁመቷም ደህና ነው ተባልኩ። ግን ትንሽ ደም ማነስ አለባት ብለው የብረት ሽሮፕ አዘዙላት። በጣም ደነገጥኩ። እንቁላልና ምስር ከቤቴ ጠፍቶ አያውቅም፣ ስጋም አልፎ አልፎ እንሠራለን።

ሌላው ጭንቀቴ ዐቢይ ጾም እየደረሰ ነው። አማቴ አብረውን ነው የሚኖሩት። በጾም የፍስክ ነገር እቤት ውስጥ ሲሠራ ደስ አይላቸውም። ልጆቹን ምን ላበላቸው? በዚህ ያለፈ ሰው ይምከረኝ።

የሦስት ልጆች እናት፣ ባህር ዳር

አይዞሽ እህቴ፣ የመጀመሪያ ልጄ ቁርጥ እንደዚህ ነበረች። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በቀን ስንት ጡጦ ነው የምትጠጣው? የሌሊቱንም ቁጠሪ። በግምት ሳይሆን ነገ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ላይ ጻፊው። ብስኩቱንም፣ ጁሱንም፣ አያቷ ደብቀው የሚሰጧት ነገር ካለም እሱንም። ከዚያ እንነጋገር።

የሰሚቷ እናት

ቆጠርኩ። ጠዋት 240 ሚሊ ሊትር፣ ከሰዓት ከእንቅልፏ ስትነቃ 240፣ ማታ 240፣ ሌሊት ነቅታ ግማሽ ጡጦ። በመሃል አንድ ትንሽ ፓኬት ብስኩት፣ አንድ የታሸገ ጁስ፣ ከአማቴ እጅ ሁለት ከረሜላ። ጽፌ ሳየው እንባዬ መጣ። አትበላም እያልኩ ስከርም ለካ ሆዷ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

ነርሷ

እሰይ፣ መልሱን ራስሽ አገኘሽው። የሕፃናት ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ እንዳንቺ ልጅ ያሉ በየሳምንቱ ይመጡ ነበር። ወተት መጥፎ ስለሆነ አይደለም። የላም ወተት ውስጥ ያለው ብረት ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ካልሲየሙ ደግሞ ከሌላ ምግብ የሚገኘው ብረት በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። ስምንት መቶ ሚሊ ሊትር ወተት የጠጣች የሦስት ዓመት ልጅ ዘንድ ስጋ ይዘሽ ብትሄጂ የምታስገባበት ቦታ የላትም። በዚህ ዕድሜ በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ይበቃል። እርጎና አይብ ከበላች ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ብዙ እናቶች "ልጄ ወፍራም ነው፣ እንዴት ደሙ ያንሳል?" ይሉኛል። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፣ ወተት ያወፍራል፣ ደም ግን አይሞላም።

ሌላም ነገር አለ። ከአንድ ዓመት በኋላ የልጅ የምግብ ፍላጎት መቀነሱ የተፈጥሮ ነው። ሦስት ኪሎ ሆኖ የተወለደ ሕፃን ዓመት ሲሞላው ዘጠኝ ኪሎ ገደማ ይደርሳል፣ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። በሁለተኛው ዓመት ግን የሚጨምረው ሁለት ኪሎ ተኩል ቢሆን ነው። እድገቱ ረጋ ሲል ረሃቡም ረጋ ይላል። እኛ ግን የሕፃንነቱን ፍጥነት እያስታወስን "ቀነሰ" ብለን እንደነግጣለን፣ ደንግጠን ማስጨነቅ እንጀምራለን፣ ልጁ ደግሞ ሲጨናነቅ ጭራሽ ይጠላዋል።

ሽሮፑን ሳትሰለቺ በታዘዘው መጠን ስጪያት። ከወተትና ከሻይ ጋር አይሁን፣ ብርቱካን ወይም ሎሚ ያለበት ነገር ግን ይረዳዋል። ሰገራዋ ቢጠቁር አትደንግጪ። ጠርሙሱን ደግሞ እጇ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጪ፣ ጣፋጭ ነው ብላ ብዙ ከጠጣችው አደገኛ ነው። ሻይም ተይ። ለልጅ ሻይ በዳቦ የሚሰጥበት ቤት ብዙ ነው፣ ሻይ ግን ብረቱን ይዞ ያስቀረዋል።

የሁለት ወንዶች አባት

የአባት ድምፅም ይግባበት ብዬ ነው። ባለቤቴ ማታ ስለምትሠራ ልጆቹን እራት የማበላው እኔ ነኝ። እንዳንቺ ስልክ ይዤ ነበር የማበላቸው። የለወጠኝ ኤለን ሳተር የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ የሥራ ክፍፍል ነው። ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ነው። ይብላ አይብላ፣ ምን ያህል ይብላ የሚለው የልጁ ነው። ስሰማው ቀላል መሰለኝ። ስሞክረው አራት ቀን ሙሉ ከባድ ነበር።

እኛ ቤት አሁን ሰዓት አለው። ቁርስ አንድ ሰዓት ተኩል፣ መክሰስ አራት ሰዓት፣ ምሳ ስድስት ተኩል፣ መክሰስ አስር ሰዓት፣ እራት አንድ ሰዓት። በመሃል ውሃ ብቻ። ወተቱ በብርጭቆ ሆኖ ከመክሰስ ጋር ይመጣል። ምግቡ ላይ አንድ የሚወዱት ነገር ሁልጊዜ አለ፣ ለምሳሌ እንጀራ ወይም ድንች፣ ሌላው ያስቀመጥኩት ነው። አልበላም ካሉ "እሺ፣ ቀጣዩ አስር ሰዓት ላይ ነው" እላለሁ፣ አልቆጣም፣ አልለምንም። ሃያ ደቂቃ ሲሆን ሳህኑ ይነሳል። ትልቁ ልጄ ጎመን ለመቅመስ አስር ጊዜ ያህል አይቶት፣ ነካክቶት፣ ተፍቶት ነው። አሁን ከእኔ ሳህን ይወስዳል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድሽ ይባባል። ያኔ ተመልሰሽ እዚህ ጻፊ።

አያት ነኝ

ልጆቼ፣ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሰባት የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ልጅ "አልበላም" ስላለ ሳህኑን አንስቶ መሄድ ምን ማለት ነው? እኛ እያባበልን፣ ተረት እያወራን፣ እያጎረስን ነው ያሳደግን። ሕፃን ብቻውን ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳህን ፊቱ አስቀምጠውለት ይበላል እንዴ? ሰው እኮ ነው። እኛ ልጅ የሚበላው ከታላላቆቹ ጋር አንድ ትሪ ላይ ነበር። የወንድሙ እጅ ሲቀድመው ያያል፣ ሳይለምኑት ይበላል። የአሁኑ ልጅ ለብቻው ሰዓት፣ ለብቻው ምግብ፣ ለብቻው ስልክ አለው። እሷ ልጅ ከእናቷ ጋር አንድ ላይ በልታ ታውቃለች? እሱን ጠይቁ።

የሁለት ወንዶች አባት

እናቴ፣ እውነትዎን ነው፣ ትልቁን ነገር ነው ያነሱት። ሳህን ማንሳቱን ጻፍኩ እንጂ አብሬያቸው እንደምበላ ሳልጽፍ ቀረሁ። ሦስታችንም አንድ ትሪ ላይ ነን። እኔ ሳልቀመጥ በፊት ትንሹ አንድ ጉርሻ አይበላም ነበር። ተረቱም ይቀጥል፣ ስልክን ሺህ ጊዜ ያስንቃል።

የሰሚቷ እናት

እማማ፣ ጥያቄዎ ልቤ ውስጥ ገባ። አብረን አንበላም። እሷን ቀድሜ አብልቼ፣ አስተኝቼ፣ ከዚያ ነው እኔና አባቷ ቁጭ የምንለው። ሥራዬን ቶሎ ለመጨረስ ብዬ ነበር። ከዛሬ ማታ ጀምሮ አንድ ላይ ነን።

ሙያ ያለው በልቡ

ለትንሹም ልጅ አንድ ነገር ልበል። አስራ ሁለት ዓይነት እህል የተቀላቀለበት ምጥን ሠርተሽ፣ ወፈር አድርገሽ በቅቤና በማር ስጪው። እኛ ያደግነው በእሱ ነው። የሱቅ ምግብ ምንም አያስፈልግም።

ነርሷ

ወንድሜ፣ የቤት ምጥን ጥሩ ነው፣ ቅቤውም እሰየው። ማሩን ግን ዓመት ላልሞላው ልጅ በፍጹም። ማር ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ሕፃን አንጀት ውስጥ ገብቶ ቦቱሊዝም የሚባል አካልን የሚያዝል በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ጣት ላይ አድርጎ ማቅመስም ቢሆን ይቅር። ከዓመት በኋላ ይህ ስጋት የለም።

ስለ እህሉ ብዛት ደግሞ፣ አስራ ሁለት ዓይነት እህል ከሦስት ዓይነት አይሻልም። ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎ፣ ጤፍ ተደባልቀውም ያው እህል ናቸው። ልጁን የሚጠቅመው ሌላ ወገን ሲጨመር ነው። ሁለት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ሽምብራ ወይም ባቄላ ወይም አኩሪ አተር ይሁን። ሲበስል እንቁላል ይመታበት ወይም ወተት ይግባበት፣ ጎን ላይ ካሮት፣ ዱባ፣ ጎመን ተፈጭቶ ይቅረብ። ውፍረቱ ማንኪያ ላይ የሚቆም ይሁን። በጡጦ እንዲወርድ ተብሎ የቀጠነ አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት የለውም። አስር ወር ለሆነው ልጅ ከጡቱ በተጨማሪ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ምግብ፣ በመሃል አንድ ሁለት መክሰስ። ጨው አትጨምሪለት፣ ስኳርም አያስፈልገውም። ለቤተሰቡ አልጫ ስትሠሪ ጨው ከመግባቱ በፊት የእሱን ቀንሰሽ አውጪለት።

ቫይታሚን ኤ በየስድስት ወሩ መሰጠቱንም እንዳትረሺ፣ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ነው። ትልቋ ደግሞ የትል መድኃኒቷን መውሰዷን ጠይቂ፣ እሱም ከደም ማነስ ጋር ይያያዛል።

እየሩሳሌም ያለሁ

እዚህ አገር ከስድስት ወር ጀምሮ ለልጅ ከሚሰጡት ነገሮች አንዱ ባምባ ነው፣ ከለውዝና ከበቆሎ የሚሠራ አፍ ውስጥ የሚሟሟ ነገር። እኔ መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። በኋላ ሐኪማችን አስረዱኝ። እንግሊዝ አገር ያሉ አይሁድ ልጆች እስራኤል ካሉት ጋር ሲነጻጸሩ የለውዝ አለርጂ አስር እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘባቸው፣ የሚለያቸው እዚህ ያሉት ገና በጨቅላነታቸው መብላታቸው ነው። ከዚያ ለንደን ውስጥ 640 ሕፃናት ላይ ጥናት ተደርጎ በ2015 እንደ ፈረንጆቹ ውጤቱ ወጣ። ቀድመው የበሉት ላይ አለርጂው በ80 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ስለዚህ ለትንሹ ልጅሽ በደንብ የላመ የለውዝ ቅቤ በገንፎው ላይ ትንሽ ጠብ አድርጊለት። ከባድ የቆዳ ችፌ ካለበት ወይም እንቁላል የማይስማማው ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪም ጠይቂ። ሙሉውን ፍሬ ደግሞ በምንም አይነት እንዳትሰጪው።

ቆሎ ያስደነገጠኝ

ሙሉ ፍሬ ስትሉ ሆዴ ተንቦጫቦጨ። ልጄ ሁለት ዓመቷ እያለ ጎረቤት ቡና ተጠርተን ሄድን። ፈንዲሻውና ቆሎው መሃል ወለል ላይ ነው፣ እንደምታውቁት። እኛ እያወራን እሷ እየሮጠች ከቆሎው ዘገነች። ትን አላት። ሳለች፣ ሳለችና ተወት አደረገች። "አለፈላት" ብለን ወደ ወሬያችን ተመለስን። በሳምንቱ ትኩሳት፣ ሳል፣ የሳንባ ምች ተባለ። መድኃኒቱን ጨርሳ ተመለሰባት። በመጨረሻ ነው አንድ ሐኪም "ትን ብሏት ያውቃል?" ብለው የጠየቁኝ። አንድ የሽምብራ ቆሎ ሳንባዋ መግቢያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ተኝታ በመሣሪያ ነው የወጣላት።

እባካችሁ፣ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ኦቾሎኒ፣ ድብልብል ከረሜላ አራት ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥ። ወይን ካለ በቁመቱ አራት ቦታ ይቆረጥ። ጥሬ ካሮት ይቀቀል ወይም በደንብ ይፈቅፈቅ። ሲበሉ ይቀመጡ፣ መኪና ውስጥም አይብሉ፣ ከፊት ሆናችሁ ስትነዱ ከኋላ ያለው ልጅ ድምፅ ሳያሰማ ትን ሊለው ይችላል። ልጅ ትን ብሎት መሳል ከቻለ ያስሉት፣ አትንኩት። ድምፁ ከጠፋ ወደ ፊት አዘንብላችሁ በሁለቱ ትከሻ መሃል በመዳፍ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት፣ ሰው ጥሩ። የማታዩትን ነገር በጣት ለማውጣት አትሞክሩ፣ ወደ ውስጥ ይገፋል። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ካገኛችሁ ውሰዱ። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ወስጃለሁ።

የሦስት ልጆች እናት፣ ባህር ዳር

እግዜር ያተረፋት። ይሄንን ለእህቴ ልልክላት ነው።

ወደ መውጫው ልምጣ። የእኔ መመሪያ አንድ ነው፣ የራበው ልጅ ይዤ ከቤት አልወጣም። አብልቼ ነው የምወጣው፣ ሁለተኛውን ምግብ ደግሞ በቦርሳ እይዛለሁ። ሰው "መናፈሻ ሄደን እዛ እንገዛለን" ይላል። እዛ የሚሸጠው ለልጅ የታሰበ ሳይሆን ለልጅ ዓይን የታሰበ ነው።

የምይዘው ብዙ ነገር አይደለም። የተቀቀለ እንቁላል ከነቅርፊቱ፣ እዛው ነው የምልጠው። የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ ልጆቼ እንደ ኬክ ነው የሚበሉት። ሙዝ። ዳቦ ላይ አቮካዶ ሎሚ ጠብ አድርጌበት። ጭኮ ካለ በትንሽ በትንሹ፣ አንድ ቁራጭ ብዙ ጉልበት አለው። ረጅም መንገድ ከሆነ ሙቀት በሚይዝ ምሳ ዕቃ ቂንጬ ወይም በአልጫ የራሰ ፍትፍት። ዕቃውን ቀድሜ የፈላ ውሃ ሞልቼበት አቆየዋለሁ፣ ከዚያ ደፍቼ ትኩሱን ምግብ እጨምራለሁ። ያለበለዚያ ለብ ብሎ ይቆይና ልጅ ያሳምማል። እርጎ ስይዝ አጠገቡ ማታውን በረዶ ያደረግኩትን ውሃ አስቀምጣለሁ። ቀኑን እየሟሟ የሚጠጡት ውሃ ይሆናል። ስጋና ወተት ያለበት ነገር ሳይቀዘቅዝ ወይም ሳይሞቅ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ እደፋዋለሁ፣ በፀሐይ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ አላቆየውም።

አይስክሬም ጭራሽ አልከለክልም። ከቤት ስንወጣ "ዛሬ አንድ ጣፋጭ ነገር አለ፣ አንቺ ትመርጫለሽ፣ ምግባችንን ከበላን በኋላ ነው" እላለሁ። ቃሌን እጠብቃለሁ። እሷም ታውቃለች። ከመውጣታችን በፊት ስለተነገራት እዛ ደርሳ አታለቅስም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ ያለሁ

እዚህም ችግሩ አንድ ነው። ምግብ ቤት ስትገቢ ለልጅ የሚሰጥሽ ዝርዝር ሁሌ አንድ ነው፣ የተጠበሰ ድንች፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ ማካሮኒ በአይብ። እኛ ከእሱ ማዘዝ ትተናል። ከትልቁ ዝርዝር አንድ አዝዘን ባዶ ሳህን እንጠይቃለን፣ ከእኛ ላይ እናካፍላቸዋለን። ሀበሻ ምግብ ቤት ከሆነማ በጣም ቀላል ነው፣ ምስር አልጫ፣ ጎመን፣ ክክ፣ አይብ፣ ሁሉም ለልጅ ይሆናል።

ጁስን በተመለከተ የልጆቼ ሐኪም የነገረችኝ ዓመት ላልሞላው ጭራሽ አይሰጥም፣ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ቢበዛ 120 ሚሊ ሊትር በቀን ነው፣ ያውም መቶ በመቶ ፍሬ የሆነው። እናንተ አገር ያለው ጁስ ቤት ደግሞ ትኩስ ነው ብለን እንታለላለን፣ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደሚገባ ቆማችሁ እዩ። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ ወደ 30 ግራም ስኳር አለ፣ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ብርቱካኑን ልጣችሁ ስጧቸው።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር ልጨምር። ትልቋ ልጄ አምስት ዓመቷ ላይ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ እንጀራ እንዳላደርግባት ለመነችኝ፣ "ይሸታል" ብለዋት ነው። አንድ ቀን ለልደቷ እናቶችና ልጆች ቤቴ ጠርቼ ትልቅ ትሪ ሙሉ አቀረብኩ። ልጆቹ በእጅ መብላት መፈቀዱን ሲያዩ ትሪውን አራቆቱት። ከዚያ ወዲህ ፍርፍር ይዛ ትሄዳለች።

ዱባይ፣ ሰው ቤት

እኔ የምጽፈው ትንሽ ይለያል። እዚህ የሰው ልጆች ነው የማሳድገው፣ የእኔ ልጅ ወሎ እናቴ ጋ ነው፣ አራት ዓመቱ። እዚህ ያሉትን ልጆች አትክልቱን ቀቅዬ፣ ፍሬውን ቆርጬ፣ በሰዓታቸው አበላለሁ። የእኔ ልጅ ምን እንደሚበላ የማውቀው በስልክ ነው። ገንዘብ ስልክላት እናቴ ከፍቅር ብዛት ብስኩትና የታሸገ ጁስ ትገዛለታለች፣ "የዱባይ እናት ያለችው ልጅ" እንዳይከፋው ብላ። ባለፈው ጥርሱ ጠቁሮ አየሁት። እናቴን ሳላስከፋ እንዴት ልንገራት?

አያት ነኝ

ልጄ፣ እናትሽን አትውቀሻት። ብስኩት መግዛት ያቃተን ሰዎች ነን፣ ሲገኝ ክብር ይመስለናል። ገንዘቡን ስትልኪ ነገሩን በስም ጥቀሺላት። "እማ፣ ይሄ የእንቁላል ነው፣ ይሄ የወተት ነው፣ ከተረፈሽ አንዲት ዶሮ ግዢበት" በያት። ዶሮዋ እቤት እንቁላል ስትጥል ልጁ ራሱ ሄዶ ያነሳል፣ የራሱ ነው ብሎ ይበላል። እናትሽም ደስ ይላታል እንጂ አይከፋትም። ጥርሱን ማታ ማታ በመፋቂያም በብሩሽም ታጽዳለት። አንቺንም እግዚአብሔር ለልጅሽ ያብቃሽ።

ዱባይ፣ ሰው ቤት

አሜን እማዬ። ዛሬ ማታ እደውላለሁ። የዶሮዋ ነገር በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ

የጾሙን ጥያቄ ማንም አልመለሰላትም። ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጾም አይገደድም፣ እኛ ስንማር ያደግነው እንዲህ ነው። ችግሩ ግን ብዙ ቤት ልጁ እንዲጾም ተብሎ አይደለም። ዕቃው ይነካካል፣ የቅቤው ሽታ ይመጣል፣ ማን ለብቻ ይሠራል ተብሎ ነው። እንዲህ ሲሆን ሕፃኑ ሳያስበው 55 ቀን ይጾማል። ረቡዕና ዓርቡን፣ ሌሎቹን አጽዋማት ስትጨምሪበት የዓመቱ ግማሽ ይሆናል። እህል ብቻ እየበላ ማለት ነው።

እኛ ቤት እናቴ ያደረገችው ይሄ ነው። አንዲት ትንሽ መጥበሻ፣ አንድ ድስት፣ ሁለት ማንኪያ ለልጆች ብቻ ገዛች። ለብቻ ይታጠባሉ፣ ለብቻ ይቀመጣሉ። ማንም አይሳቀቅም። ለአማትሽ ደግሞ አንቺ አትናገሪ፣ የንስሐ አባታችሁ ቤት ሲመጡ በጨዋታ መሃል ጠይቂያቸው፣ እሳቸው ይንገሯቸው። ከምራት አፍና ከካህን አፍ የሚሰማው አንድ አይደለም።

የጾሙ ምግብ ራሱም ለልጅ ብዙ ጥሩ ነገር አለው። ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ ሱፍ፣ የተልባ ፍትፍት፣ ዱባ በዘይት፣ ጎመን፣ አቮካዶ። ምስሩ ላይ ቲማቲምና ሎሚ ጨምሪበት፣ ብረቱ ይበልጥ ይገባል። ግን ከእንስሳ ብቻ የሚገኝ ነገር አለ፣ ቫይታሚን ቢ 12 ለምሳሌ። ስለዚህ በቀን አንድ እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት ከቀጠለ አትጨነቂ።

የሰሚቷ እናት (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ተመልሰሽ ጻፊ ብላችሁኝ ነበር። ጡጦው ተጣለ። አልዋሽም፣ ሦስት ሌሊት አለቀሰች፣ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። አራተኛው ቀን ጠዋት ተነስታ "እንቁላል" አለች። ሰምቼ አላመንኩም። አሁን ወተት በቀን ሁለት ጊዜ በብርጭቆ ነው። ብስኩት እቤት መግዛት አቆምኩ፣ ከሌለ አትጠይቅም። ስልክ ምግብ ላይ የለም። አሁንም የማትበላባቸው ቀናት አሉ፣ ትናንት እራት ላይ እንጀራ ብቻ በልታ ተኛች፣ እኔም ዝም አልኩ። ከባድ ነው ግን ዝም አልኩ።

አማቴ ከረሜላውን በአንድ ጊዜ አልተዉም። አንድ ቀን "ለእሷ የሚሰጡት ነገር እንዲኖርዎት ብዬ ነው" ብዬ ብርቱካን ዘምቢል ሙሉ አጠገባቸው አስቀመጥኩላቸው። አሁን ከሰዓት ከሰዓት አጠገባቸው ተቀምጣ እየላጡ ያጎርሷታል። የንስሐ አባታችንም መጥተው ነገሯቸው። መጥበሻዋን የገዙት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፣ ቀይ እጀታ ያላት ትንሽ። ጾሙ ከገባ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ለልጆቹ እንቁላል የሚጠብሱት እሳቸው ሆነዋል።

ደሟ የሚመረመረው በሁለት ወሩ ነው፣ ውጤቱን እነግራችኋለሁ።

ነርሷ

እልልል! ሽሮፑን ግን ተሽሏታል ብለሽ እንዳታቆሚ። ደሟ ቢስተካከልም ሰውነቷ የሚያስቀምጠው ብረት እስኪሞላ ጊዜ ይፈልጋል።

አያት ነኝ

አማትሽን ሰላም በይልኝ። አብራችሁ መብላቱስ?

የሰሚቷ እናት

አንድ ትሪ ላይ ነን እማማ። ትንሹም ጭናችን ላይ ተቀምጦ ትሪው ውስጥ እጁን ይከታል። ነገ እሁድ ነው፣ ቢሾፍቱ ሐይቁ ዳር እንውላለን። እንቁላሉን ቀቅያለሁ፣ ውሃው በረዶ ቤት ገብቷል፣ ስኳር ድንቹ አሁን እሳት ላይ ነው። አንዱን ከምድጃው ላይ ካላወጣሽልኝ ብላ እግሬ ላይ ተጠምጥማለች፣ ልሂድ።